ለቤት የጉድጓድ ፓምፕና የግፊት ታንክ ስትመርጡ፦ የቱ ለማን ይሆናል?

ፓምፕ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ፈረስ ጉልበት ይሁን?» ተብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ይመስላል፤ ግን ከመጨረሻው መጀመር ነው። ፈረስ ጉልበቱ የሚታወቀው ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ፣ ቤቱ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚፈልግና ቧንቧው ላይ ምን ያህል ግፊት እንደሚያስፈልግ ከታወቀ በኋላ ነው። እነዚህ ሳይታወቁ የተገዛ ፓምፕ ወይ ውሃ አያደርስም፣ ወይ ጉድጓዱን አድርቆ ራሱ ይቃጠላል።

ታንኩ ደግሞ ከፓምፑ የባሰ ችላ ይባላል። ብዙ ሰው ስለ ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ሲከራከር ይውልና ታንኩን «ትንሽም ብትሆን ትበቃለች» ብሎ ያልፈዋል። ፓምፑ ስንት ዓመት እንደሚሠራ በእጅጉ የሚወስነው ግን ታንኩ ነው። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ላይ መመረጥ አለባቸው።

እዚህ የትኛው ማርካ ይሻላል የሚል ነገር አታገኙም። መጀመሪያ መለኪያዎቹን እናስቀምጣለን፤ ከዚያ እያንዳንዱን አማራጭ በእነሱ እንመዝናለን።

## ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት

ውሃው ስንት ሜትር ላይ ነው? የጉድጓዱ ጥልቀትና የውሃው ጥልቀት የተለያዩ ናቸው። 60 ሜትር የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ውሃው 15 ሜትር ላይ ቆሞ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሁለት ቁጥር ያስፈልጋችኋል። አንደኛው ጉድጓዱ ሳይነካ ሲያድር ውሃው የሚቆምበት ነው። ሁለተኛው ፓምፑ እየሠራ ሳለ ውሃው ወርዶ የሚረጋበት ነው። ፓምፕ የሚመረጠው በሁለተኛው ነው። ጉድጓዱ በማሽን የተቆፈረ ከሆነ ቆፋሪው የሙከራ ውጤቱን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት። የእጅ ጉድጓድ ከሆነ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ገመድ ይበቃል። የምትለኩት ግን ዝናብ ካቆመ ቆይቶ፣ ውሃው በጣም በሚቀንስበት ወቅት ይሁን። በዝናብ ወቅት የተለካ ቁጥር ያሳስታል።

ጉድጓዱ በሰዓት ምን ያህል ይሰጣል? ይህን ብዙ ሰው አይለካውም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ቁጥር ይህ ነው። አለካኩ ከባድ አይደለም። የእጅ ጉድጓዱን ውሃ ቀድታችሁ ዝቅ አድርጉት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሴንቲሜትር እንደተመለሰ እዩ። የአፉ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር የሆነ ክብ ጉድጓድ በእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 785 ሊትር ያህል ይይዛል። በሰዓት 30 ሴንቲሜትር ከተመለሰ 235 ሊትር ገደማ ገባ ማለት ነው። ወደ ደቂቃ ስንመልሰው 4 ሊትር ይሆናል። አንድ ሻወር ብቻውን ከዚህ በላይ ይፈልጋል! ያው ጉድጓድ ግን በ24 ሰዓት ከ5,000 ሊትር በላይ ይሰጣል። ውሃ አለ፤ የሚመጣው ግን በዝግታ ነው። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ላይ ጉልበተኛ ፓምፕ መጨመር ምንም አይፈይድም። መፍትሔው ማጠራቀሚያ ነው።

ቤቱ በአንድ ጊዜ ስንት ቧንቧ ይከፍታል? ሻወር በደቂቃ ከ8 እስከ 10 ሊትር ይወስዳል። የወጥ ቤትና የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ከ5 እስከ 8 ሊትር ይበቃቸዋል። ጠዋት ሁሉም ሲነሳ አብረው የሚከፈቱትን ደምሩ። ለአንድ ቤተሰብ በደቂቃ ከ20 እስከ 30 ሊትር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። መታጠቢያ ቤቱ ሦስትና አራት ከሆነ፣ ወይም ግቢው ውስጥ ሰፋ ያለ አትክልት የሚጠጣ ከሆነ 40 እና ከዚያ በላይ አስቡ።

ውሃው በጠቅላላው ስንት ሜትር ሽቅብ ይገፋል? ባለሙያዎች «ሄድ» የሚሉት ይህንን ነው። በምሳሌ እንየው። ፓምፑ ሲሠራ ውሃው 35 ሜትር ላይ ነው እንበል። ከፍ ብሎ ያለው ሻወር ከመሬት 6 ሜትር ላይ ነው። ቧንቧው ላይ 3 ባር ግፊት ትፈልጋላችሁ። 1 ባር ውሃን 10 ሜትር ገደማ ስለሚያነሳ ለዚህ 30 ሜትር ቁጠሩ። ውሃው በቧንቧው ርዝመትና በክርኖቹ ሲያልፍ የሚባክነውን 5 ሜትር እንበለው። ድምሩ 76 ሜትር ይሆናል።

በደቂቃ 30 ሊትር ውሃ 76 ሜትር ለመግፋት ለውሃው ብቻ 373 ዋት ያህል ያስፈልጋል። የፓምፑ ብቃት 50 በመቶ ቢሆን ከሞተሩ 746 ዋት ይፈለጋል። ይህ ልክ 1 ፈረስ ጉልበት ነው። አያችሁ፣ ፈረስ ጉልበቱ ከስሌቱ ጫፍ ላይ ራሱ ይመጣል።

ኤሌክትሪኩ እንዴት ነው? መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ፣ ወይም ማታ ማታ ኃይሉ የሚወርድ ከሆነ ምርጫው ሁሉ ይለወጣል። ሞተሮች በአብዛኛው ከተጻፈላቸው ቮልት እስከ 10 በመቶ ቢጎድል ይችሉታል። ከዚያ ሲያልፍ ሞተሩ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ ሲደጋገም ይቃጠላል። በተጨማሪም ተራ ሞተር ሲነሳ ለአፍታ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ከረንት ይወስዳል። ጄነሬተር ለመጠቀም ያሰበ ሰው ይህንን ቀድሞ ማወቅ አለበት። 1 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ 1 ኪሎዋት ጄነሬተር አያስነሳውም። ሁለትና ሦስት እጥፍ ያስፈልጋል።

## ካርቶኑ ላይ የተጻፉት ሁለት ቁጥሮች

አንድ ፓምፕ ላይ «ከፍተኛ 40 ሜትር» እና «ከፍተኛ 40 ሊትር በደቂቃ» ተብሎ ተጽፎ ታያላችሁ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ግን በአንድ ጊዜ አይሆኑም። 40 ሜትር የሚደርሰው ምንም ውሃ ሳይፈስ ነው። 40 ሊትሩ የሚገኘው ደግሞ ሽቅብ መግፋት ሳይኖርበት ነው። ቤታችሁ የሚሠራው በመካከል ነው። እዚያ ቦታ ላይ ቁጥሮቹ ግማሽና ከግማሽ በታች ሊሆኑ ይችላሉ።

ስለዚህ ሻጩን የፓምፑን የአቅም ሰንጠረዥ ወይም ኩርባ ጠይቁት። በየትኛው ከፍታ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ የሚያሳይ ወረቀት ነው። «76 ሜትር ላይ በደቂቃ ስንት ይሰጠኛል?» በሉት። ለዚህ መልስ የሌለው ፓምፕ ለጉድጓድ ባትገዙት እመክራለሁ።

ሌላም ጣጣ አለ። ትንሿን የ40 ሜትር ፓምፕ 6 ሜትር ዝቅ ካለ ውሃ እንድትስብ አድርጎ፣ 4 ሜትር ከፍ ወዳለ ቤት የሚያስገፋ ሰው የሚቀረው 30 ሜትር ነው። ይህ 3 ባር ነው፤ ያውም ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ። ፓምፑን የሚያጠፋው ማብሪያ 3.5 ባር ላይ ከተስተካከለ ፓምፑ እዚያ መድረስ አይችልም። ሳያቆም ሲሠራ አድሮ ይግልና ይቃጠላል። ሰው «ፓምፑ የማይረባ ነው» ይላል፤ የተሳሳተው ግን ማስተካከያው ነበር።

## የፓምፕ አማራጮች

### ከመሬት በላይ ሆኖ ውሃ የሚስብ ፓምፕ

ዋጋው ዝቅተኛ ነው። ሲበላሽ በቀላሉ ይፈታል፣ በቀላሉ ይጠገናል። በዚህ ክፍል ውስጥ ትንንሾቹ የግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፖችም፣ ጠንከር ያሉት ጄት ፓምፖችም አሉ።

አንድ ነገር ግን ምንም ብትከፍሉ አይለወጥም። ፓምፕ ውሃን ከታች የሚስበው በራሱ ጉልበት ብቻ አይደለም። ቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር ሲቀንስ ውሃውን ከታች ወደ ላይ የሚገፋው የከባቢ አየር ግፊት ነው። ያ ግፊት በባህር ጠለል ላይ ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያነሳል። በተግባር ከ7 እስከ 8 ሜትር ነው የሚገኘው። ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 1 ሜትር ገደማ ይቀነሳል። ከባህር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ላይ ላለ ቤት 5 ሜትር ተኩልን ድንበር አድርጉት። ካርቶኑ ላይ «8 ሜትር ይስባል» ተብሎ የተጻፈው ለባህር ዳርቻ ነው። ፈረስ ጉልበቱን በእጥፍ ብታሳድጉት ይህ ድንበር ንቅንቅ አይልም።

ከመረጣችሁት የመሳቢያው ቧንቧ ከፓምፑ አፍ የጠበበ አይሁን። ጫፉ ላይ ፉት ቫልቭ ይግባበት፤ ያለሱ ውሃው ወደ ጉድጓዱ ይመለስና ፓምፑ በባዶው ይዞራል። መገጣጠሚያዎቹ አየር የማያስገቡ መሆን አለባቸው። ውሃ የማያንጠባጥብ መገጣጠሚያ ሁሉ አየር አያስገባም ማለት አይደለም።

### ባለ ሁለት ቧንቧ ጄት ፓምፕ

ሞተሩ ከላይ ይቀመጣል። ወደ ጉድጓዱ ሁለት ቧንቧ ይወርዳል። አንዱ ውሃን በግፊት ወደ ታች ይልካል፤ ታች ያለው ጄት ያንን ጉልበት ተጠቅሞ ሌላ ውሃ ጨምሮ በሁለተኛው ቧንቧ ያወጣል። በዚህ ዘዴ 25 ሜትር ገደማ ድረስ መሄድ ይቻላል።

ጥቅሙ ኤሌክትሪክና ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አለመግባቱ ነው። ጉዳቱ ብክነቱ ነው። ከሚገፋው ውሃ ከፊሉ እየተሽከረከረ ታች ላይ ይመለሳል። ለተመሳሳይ ውሃ ከሰብመርሲብል (ከነሞተሩ ውሃ ውስጥ ከሚጠልቀው ፓምፕ) በጣም የበለጠ ኤሌክትሪክ ይበላል። ዛሬ አዲስ የሚገጥም ሰው ይህንን እንዲመርጥ የምመክረው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ የጉድጓዱ ቱቦ ጠቦ ሰብመርሲብል የማያስገባ ሲሆን።

### ሰብመርሲብል ፓምፕ

ከነሞተሩ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ፣ ቀጭንና ረጅም ፓምፕ ነው። ውሃን ከታች ስለሚገፋ የመሳብ ድንበር የለበትም። ውስጡ የተደራረቡ መዘውሮች አሉ፤ ደረጃው በበዛ ቁጥር ሽቅብ የመግፋት አቅሙ ይጨምራል። ከ8 ሜትር ለሚጠልቅ ውሃ፣ ለአብዛኛው ቤት፣ የመጀመሪያው ምርጫ ይህ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ድምፅ የለውም፣ ከመነሳቱ በፊት ውሃ ሙሉልኝ አይልም፣ ኤሌክትሪክም ይቆጥባል።

ጥንቃቄ የሚፈልገው አገጣጠሙ ላይ ነው።

«4 ኢንች» የሚባለው የተለመደው ፓምፕ ውስጡ ከ100 ሚሊሜትር የሰፋ ቱቦ ይፈልጋል። ከመግዛታችሁ በፊት የጉድጓዱን ቱቦ ውስጣዊ ስፋት ለኩ።

ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በጎኑ በሚያልፈው ውሃ ነው። ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ይህ በራሱ ይሆናል። ሰፊ የእጅ ጉድጓድ ውስጥ ግን ውሃው በቀጥታ ወደ ፓምፑ አፍ ይገባና ሞተሩ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ ይቀራል። መፍትሔው ፓምፑን በሰፋ ፕላስቲክ ቱቦ ማልበስ ነው። ከላይ የተዘጋ፣ ከታች የተከፈተ ቱቦ ውሃው ሞተሩን ታክኮ እንዲያልፍ ያስገድደዋል። ቀላል ሥራ ነው፤ ገጣሚዎች ግን ብዙ ጊዜ ይዘሉታል።

ፓምፑ ጉድጓዱ ወለል ላይ አይቀመጥ። ጥቂት ሜትር ከፍ ይበል፤ አለዚያ አሸዋና ጭቃ ይስባል። የሚንጠለጠለውም በማይበሰብስ ገመድ ነው፤ በኤሌክትሪክ ኬብሉ በፍጹም አይደለም። የኬብሉ ውፍረት በርዝመቱ ልክ ይመረጣል። 60 ሜትር ወርዶ 40 ሜትር ወደ ቤት የሚሄድ ቀጭን ኬብል መንገድ ላይ ቮልቱን ይበላዋል፤ ሞተሩ ጋ ሲደርስ ጎድሎ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ውሃ ሲያልቅ የሚያጠፋ መከላከያ፣ መሬት የገባ የአርዲንግ መስመርና ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚቆርጥ ብሬከር የግድ ናቸው። ውሃና ኤሌክትሪክ አብረው ባሉበት ሥራ ላይ ይሄ ይቅር የሚባል ነገር የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ገበያ ላይ ርካሽና ድቡልቡል «ውሃ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ» አለ። ጎርፍና ቆሻሻ ውሃ ለማውጣት የተሠራ ነው። ብዙ ሊትር ያወጣል፤ ሽቅብ የሚገፋው ግን ብዙ ጊዜ 10 ሜትር እንኳ አይሞላም። ለቤት ግፊት አይሆንም።

### ስክሩ ፓምፕ እና ሶላር ፓምፕ

ስክሩ ፓምፕም ውሃ ውስጥ ይጠልቃል፤ ውሃውን የሚያወጣው ግን በጎማ ቤት ውስጥ በሚዞር ጠመዝማዛ ብረት ነው። ትንሽ ውሃ ከጥልቅ ለማውጣት ተወዳዳሪ የለውም። በደቂቃ 10 ሊትር ብቻ የሚሰጥ ጥልቅ ጉድጓድ ካላችሁ እሱን አስቡት። ግን መውጫው ተዘግቶ ከሠራ ግፊቱ እየጨመረ ይሄዳልና ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭ ያስፈልገዋል። በደረቁ ከዞረ ደግሞ ጎማው ቶሎ ይበላል።

ሶላር ፓምፕ መስመር በማይደርስበት ቦታ ጥሩ ነው። ውሃ የሚሰጠው ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ስለሆነ ከግፊት ታንክ ጋር በአብዛኛው አይጣመርም። ወደ ከፍታ ማጠራቀሚያ መሙላት አለበት።

## ታንኩ ላይ ቆም እንበል

የግፊት ታንክ ውሃ ማጠራቀሚያ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ቤተሰቡን አያሰነብትም። ሥራው ፓምፑ ቶሎ ቶሎ እንዳይነሳና እንዳይጠፋ ማድረግ ነው። ውስጡ አየርና ውሃ አሉ፤ በመካከላቸው ላስቲክ አለ። ፓምፑ ውሃ ሲሞላ አየሩ ይጨመቃል። ቧንቧ ስትከፍቱ የተጨመቀው አየር ውሃውን ይገፋል፤ ፓምፑ ያርፋል።

ታንክ ላይ የተጻፈው ሊትርና የምታገኙት ውሃ በጣም ይራራቃሉ። ፓምፑ 2 ባር ላይ ተነስቶ 3.5 ባር ላይ የሚጠፋ ከሆነ የምታገኙት ከጠቅላላው ሲሶ ያህሉን ነው። 24 ሊትር የሚለው ታንክ 8 ሊትር ይሰጣል። 100 ሊትሩ 32 ሊትር ይሰጣል።

ይህ ምን ያመጣል? በደቂቃ 30 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ ይኑራችሁ፤ አንድ ሰው በደቂቃ 10 ሊትር በሚወስድ ሻወር ይታጠብ። 24 ሊትር ታንክ ካለ ውሃው በ48 ሴኮንድ ያልቃል። ፓምፑ ተነስቶ በ24 ሴኮንድ ይሞላል፤ ይጠፋል። ውሃው ሳይቋረጥ ቢፈስ በሰዓት 50 ጊዜ ይነሳል። 100 ሊትር ታንክ ካለ በሰዓት 12 ወይም 13 ጊዜ ብቻ ነው። ሞተርን በጣም የሚጎዳው መነሳቱ ነው። ለቤት ሞተር ጥሩው ደንብ አንዴ ከተነሳ ቢያንስ 1 ደቂቃ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ከ1 ፈረስ ጉልበት ለሚበልጥ 2 ደቂቃ ቢሆን ይመረጣል። ስለዚህ ለ1 ደቂቃው ፓምፑ በደቂቃ የሚሰጠውን ሊትር በ3 አባዙ፤ የታንኩ መጠን እሱ ነው። ለ2 ደቂቃው እጥፉ ነው። ለ30 ሊትር ፓምፕ ከ90 እስከ 100 ሊትር ታንክ ማለት ነው።

አሁን አማራጮቹን እንያቸው።

ላስቲኩ የሚቀየር ታንክ። ለቤት የምመርጠው ይህንን ነው። ላስቲኩ ሲቀደድ ክዳኑ ተፈቶ አዲስ ይገባል፤ ብረቱ ይቀጥላል። ስትገዙ መለዋወጫ ላስቲኩ በአካባቢያችሁ መገኘቱንና ለመጠጥ ውሃ የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ።

ላስቲኩ የማይቀየር ታንክ። በደንብ የተሠራው ዕድሜው ረጅም ነው። ሲበላሽ ግን ሙሉውን መጣል ነው።

ላስቲክ የሌለው ተራ የብረት ታንክ። አየሩ ከውሃው ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ቀስ በቀስ ውሃው ውስጥ እየሟሟ ያልቅና ታንኩ በውሃ ይሞላል። በየጊዜው አየር መሙላት ያስፈልጋል። አየሩ ቀድሞ ስላልተጨመቀ ከ100 ሊትሩ የሚገኘው 11 ሊትር ያህል ብቻ ነው። በርካሽ ቢገኝም አልመክረውም።

ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ፣ ያለ ታንክ። ፓምፑ ላይ የሚገጠም ትንሽ ሣጥን ነው። ቧንቧ ሲከፈት ያስነሳል፣ ፍሰት ሲቆም ያጠፋል፣ ብዙዎቹ ውሃ ሲያልቅም ያጠፋሉ። ርካሽ ነው፤ ቦታም አይወስድም። ጉዳቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ ስትቀዱ እንኳ ፓምፑ መነሳቱ ነው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያለበት ቤት ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ሲነሳና ሲጠፋ ያድራል።

ኢንቨርተር። የሞተሩን ፍጥነት እንደ ፍጆታው ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ሁለት ሻወር ቢከፈት ግፊቱ አይወርድም። ሞተሩንም በዝግታ ስለሚያስነሳ ለጄነሬተር ይስማማል። ምቾቱ እውነት ነው። ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ ለሙቀትና ለኃይል መዋዠቅ ስስ ነው፣ ሲበላሽም የሚጠግነው ባለሙያ በቀላሉ አይገኝም። ትንሽ ታንክ ለእሱም ያስፈልገዋል።

ከፍታ ላይ ያለ ታንከር። ፓምፑ ታንከሩን ይሞላል፤ ተንሳፋፊ ማብሪያ ያጠፋዋል። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ቢነሳ ነው። መብራት ቢጠፋም ውሃ አለ። ፓምፑም ያነሰ ይበቃዋል። በላይኛው ምሳሌ የ3 ባሩን 30 ሜትር ትታችሁ ታንከሩን 9 ሜትር ላይ ብታደርጉት ድምሩ ከ76 ወደ 49 ሜትር ይወርዳል። ከሲሶ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። ድክመቱ ግፊቱ ነው። ከሻወሩ 4 ሜትር ከፍ ያለ ታንከር 0.4 ባር ብቻ ይሰጣል። ለባልዲና ለእጅ መታጠቢያ ይሆናል፤ ለልብስ ማጠቢያ ማሽንና ለቅጽበታዊ የውሃ ማሞቂያ ግን ላይበቃ ይችላል። ያኔ ከታንከሩ ሥር ትንሽ መግፊያ ፓምፕ ከ24 ሊትር ታንክ ጋር ይጨመራል። መግፊያው ጉድጓድ ውስጥ ስላልሆነ ቢቃጠል መቀየሩ ቀላል ነው።

## ባጭሩ ሲቀመጥ

| አማራጭ | ለየትኛው ሁኔታ | ጥንካሬው | ድክመቱ | ወጪው |
|---|---|---|---|---|
| ከመሬት በላይ የሚቀመጥ ፓምፕ | ውሃው እስከ 7 ሜትር፤ ደጋ ላይ እስከ 5 ወይም 5.5 | ጥገናው ቀላል | የመሳብ ድንበር፣ አየር ሲገባ ያቆማል | ዝቅተኛ |
| ባለ ሁለት ቧንቧ ጄት | እስከ 25 ሜትር ገደማ፣ ጠባብ ቱቦ | ሞተሩ ከላይ ነው | ኤሌክትሪክ ያባክናል | መካከለኛ |
| ሰብመርሲብል | ከ8 ሜትር በላይ | ብቃት፣ ጸጥታ | ለጥገና መውጣት አለበት | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ |
| ስክሩ ፓምፕ | ጥልቅና ውሃው ትንሽ የሆነ ጉድጓድ | ከጥልቅ ይገፋል | በደረቁ ሲዞር ጎማው ይበላል | ከፍተኛ |
| ላስቲኩ የሚቀየር ታንክ | መብራት የማይቆራረጥበት ቤት | ፓምፑን ያሳርፋል | አየሩ መፈተሽ አለበት | መካከለኛ |
| ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ | ትንሽ ቤት፣ ጠባብ ቦታ | ርካሽ | ፓምፑ ቶሎ ቶሎ ይነሳል | ዝቅተኛ |
| ኢንቨርተር | ብዙ ሻወር ያለበት ቤት | ግፊቱ አይዋዥቅም | ለኃይል መዋዠቅ ስስ | ከፍተኛ |
| የከፍታ ታንከር | መብራት የሚቆራረጥበት፣ ጉድጓዱ ዘገምተኛ የሆነ ቤት | ውሃ ያቆያል | ግፊቱ ዝቅተኛ | መካከለኛ |

## እንግዲህ ለእናንተ የቱ ነው?

የእጅ ጉድጓድ ኖሯችሁ ውሃው 4 ወይም 5 ሜትር ላይ ከሆነና በጀቱ አነስተኛ ከሆነ ከመሬት በላይ የሚቀመጥ ትንሽ ፓምፕ ከከፍታ ታንከር ጋር አጣምሩ። የግፊት ታንኩ ለጊዜው ይቆይ። ገንዘብ ሲገኝ መግፊያ ፓምፕ ታክሉበታላችሁ፤ የተሠራው ነገር አይፈርስም።

ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ፣ በደንብ ከሰጠና መብራት አስተማማኝ ከሆነ ሰብመርሲብል ከ100 ሊትር ታንክ ጋር ይበቃችኋል። ኢንቨርተር የሚያዋጣው ሦስትና አራት ሻወር አብረው በሚከፈቱበት ቤት ነው።

መብራት የሚቆራረጥበት አካባቢ ላለ ሰው ግን፣ በጀቱ ቢኖረውም፣ ሰብመርሲብል ታንከሩን ይሙላ፤ ከታንከሩ በታች መግፊያ ይኑር የሚለውን አስቀድማለሁ። የጉድጓዱ ፓምፕ የሚነሳው ኃይሉ ጥሩ በሆነበት ሰዓት ይሆናል። ጉድጓዱ ዘገምተኛ ለሆነበት ሰውም መልሱ ይኸው ነው፤ እዚህ ላይ ፓምፑ ከጉድጓዱ ምርት ያልበለጠ እንዲሆን ብቻ ተጠንቀቁ።

በጀት ሲጠብ ከየት ይቀነስ? ከፈረስ ጉልበቱ ቀንሱ፤ ስሌቱ 1 ካለ 1.5 አትግዙ። ከኢንቨርተሩ ቀንሱ። ከኬብሉ፣ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ከሚይዘው ቼክ ቫልቭ፣ ከደረቅ ሥራ መከላከያውና ከታንኩ መጠን ግን አትቀንሱ።

## ከተገጠመ በኋላ፣ ወይም አሮጌው ሲያስቸግር

ታንኩ ላይ እንደ ጎማ ያለ የነፋስ አፍ አለ። አዲስ ታንክ ሲገጠም የአየሩ ግፊት ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት በ0.1 ወይም 0.2 ባር ያነሰ ይደረጋል። ፓምፑ 2 ባር ላይ የሚነሳ ከሆነ አየሩ 1.8 ወይም 1.9 ባር ይሁን። ስትለኩ ፓምፑ ጠፍቶ፣ ቧንቧው ተከፍቶ፣ ታንኩ ከውሃ ባዶ መሆን አለበት። ውሃ እያለ የተለካ ቁጥር ትርጉም የለውም። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ በተራ የጎማ መለኪያ መፈተሽ ይበቃል። የማብሪያውን ግፊት ከቀየራችሁ አየሩንም አብራችሁ ቀይሩ።

ፓምፑ በየጥቂት ሴኮንዱ እየተነሳ ከጠፋ ሌላ ፓምፕ ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ የነፋሱን አፍ መርፌ ተጫኑት። ውሃ ከወጣ ላስቲኩ ተቀዷል፤ ላስቲኩን ብቻ ቀይሩ። ደካማ አየር ከወጣ ታንኩን ባዶ አድርጋችሁ አየር ሙሉ። ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ፣ ፓምፑም ጠፍቶ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) እየወረደ ከሄደ ወይ ቼክ ቫልቩ አይዘጋም፣ ወይ አንድ ቦታ ውሃ እያፈሰሰ ነው። ፓምፑ ሳያቆም የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የሚጠፋበትን ግፊት ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ካቆመ ማብሪያው ከፓምፑ አቅም በላይ ተስተካክሎ ነበር፣ ወይም ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ከበፊቱ ወርዷል። የወረደ ከሆነ ገመዱን አውርዳችሁ ጥልቀቱን እንደገና ለኩ፤ ስሌቱንም በአዲሱ ቁጥር ሥሩት።